ለሁሉም የሚሄድ ልጅ

በጉዲፈቻ የወሰድነው ልጃችን ቤታችን በገባ በ8ኛው ቀን ዘመድ አዝማድ ጠርተን ደገስን። ዕድሜው 2 ዓመት ከ8 ወር ነበር። ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሰጡትን ሁሉ ጎረሰ፣ ያቀፈውን ሁሉ ሳመ። «እንዴት ያለ የማያስቸግር ልጅ ነው! እግዜር መርጦ ነው የሰጣችሁ» ተባልን። እኔም ደስ አለኝ። ማታ እንግዳ ስንሸኝ ግን፣ በዚያው ቀን ገና ያያት አንዲት ሴት ጫማዋን ስታደርግ አይቶ የራሱን ጫማ ይዞ መጣ። አብሯት ሊሄድ ነው። ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳን አላየም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ እሱ በነበረበት የሕፃናት ማሳደጊያ ወዳለችው ማኅበራዊ ሠራተኛ ደወልኩ። «አይዞሽ፣ አትደንግጪ» አለችኝ። እሱ ባደገበት ቤት ሞግዚቶች በፈረቃ ይቀያየራሉ። ጠዋት ያጠበችው ማታ አታስተኛውም። ስለዚህ ለመጣ ሁሉ እጁን መዘርጋት ለምዷል። «ለጊዜው የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያስተኛው፣ ሲከፋው የሚያነሳው እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ» አለችኝ።

ፓርላማው በ2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከከለከለ ወዲህ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉ ልጆችን የምናሳድገው እኛው ነን። ስለ ስምምነቱና ፍርድ ቤት ስለሚያጸድቅበት መንገድ የሚነግር ሰው አይጠፋም። ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ስላለው ግን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ምክሩን መፈጸም እኛ አገር ከባድ ነው። ልጅ የሁሉም ነዋ! አማቴ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉ «እማማ፣ ለጊዜው እኔ ብቻ ላጉርሰው» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ስንቱን ያሳደግኩ ሴት እሱን ልጎዳው ነው?» አሉኝ። አስቀድሜ ቁጭ ብዬ ባስረዳቸው ኖሮ አይቀየሙኝም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲገባቸው ግን ዋናዋ ጠባቂ እሳቸው ሆኑ። እንግዳ ሲመጣ ገና ከበሩ «ያመጣችሁለትን ለእናቱ ስጧት፣ እሷ ትሰጠዋለች» ይላሉ።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ዋልኩ። ትልቅ ልጅ ነው ቢሉኝም በነጠላ አዝለው ነበር። መጀመሪያ እንደ እንጨት ድርቅ ብሎ ደረቱን ከጀርባዬ ያርቃል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጉንጩ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ሽንኩርቱ አልቆ እንኳን ዝም ብዬ ቆምኩ።

አንድ ቀን አልጋውን ሳነጥፍ ትራሱ ስር ሁለት ቁራሽ ዳቦ አገኘሁ። አንደኛው ሻግቷል። የሻገተውን አንስቼ በምትኩ ትኩስ አስቀመጥኩለት። ከዚያ እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ዳቦ ቆሎ በሳህን አኖርኩ፤ ሳህኑ እንዳይጎድል ተጠነቀቅሁ። በሦስት ወር ውስጥ ዳቦ መደበቁን ተወ። ስወጣም ተደብቄ አልወጣም። ብዙ ሰው «ሳያይሽ ውጪ፣ እንዳያለቅስ» ይላል። እኔ ግን ያልቅስ እንጂ ልዋሸው አልፈለግኩም። «ሱቅ ሄጄ እመጣለሁ» እለዋለሁ፣ እመጣለሁም።

ከሁሉም አንጀቴን የሚበላኝ ሲወድቅ አለማልቀሱ ነበር። ተነስቶ፣ ጉልበቱን አራግፎ ይሄዳል። ሰው «ጎበዝ!» ይለዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ «እኔን! እኔን ልጄን!» እያልኩ ሮጬ አነሳው ነበር። በአምስተኛው ወር ግቢ ውስጥ ወደቀ። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ሊያነሱት የጎነበሱ ጎረቤቶችን አልፎ እያለቀሰ እኔ ጋ መጣ። ጉልበቱ ብዙም አልተላጠም። ለቅሶው ግን ሰፈሩን አናወጠው።

አባቱን ለመልመድ የበለጠ ጊዜ ወሰደበት። ማሳደጊያው ውስጥ የተንከባከቡት ሴቶች ብቻ ስለነበሩ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲሰማ ይሸሻል። ባለቤቴ አልተጫነውም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ አኩኩሉ ይጫወታሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሲደበቅ ልጁ አይፈልገውም ነበር። ለእሱ የጠፋ ሰው ጠፋ ነው። ወደ መጫወቻ መኪናው ይመለሳል። ባለቤቴ ግን በየማታው ተደበቀ፣ በየማታው ተመልሶ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ጠፍቶ አባቱ አመሸ። ልጁ እራት አልበላም አለ። በሩ ስር ተንበርክኮ በቀዳዳው «አኩኩሉ!» ይላል። ጆሮውን ይለጥፋል። ደግሞ «አኩኩሉ!» ይላል። ከምሽቱ 2፡30 ላይ ከደጅ ያ ወፍራም ድምፅ «አልነጋም!» ሲል ተሰማ።