ንፋሱ ሙሉ፣ ፍሬኑ ባዶ፦ ከዓባይ ቁልቁለት የተሰጠ ምስክርነት

የጌታ ስም ይባረክ። በከባድ መኪና ጥገናና በሹፌሮች ሥልጠና የምንሠራ ወንድሞች ነን። ይህን የምንጽፈው ሹፌሩና ረዳቱ «ለሌላው ይጥቀም» ብለው ፈቅደውልን ነው። ስማቸውንም የመኪናውንም ባለቤት አንጠራም።

400 ኩንታል ሲሚንቶ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደ ሳለ መሀል መንገድ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረገጠው፤ መኪናው ግን ጭራሽ የተረገጠ አይመስልም። ዓይኑን ፍሬኑን የሚያሠራውን የታመቀ ንፋስ ወደሚለካው ጌጅ ጣል ቢያደርግ ንፋሱ 8 ባር፣ ሙሉ ነው። ረዳቱ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ይላል። ሹፌሩም «ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ» ብሎ ጸለየ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበረውም። መኪናው 3ኛ ማርሽ ላይ ነበር። ማርሹን ሳይነካ፣ የሞተር ፍሬኑን እንደያዘ፣ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ አዞረና የጎን ጎማዎቹን ቦይ ውስጥ ከተታቸው። መኪናው ጎኑን ከአፈሩ ጋር እያፋተገ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ስፖንዳው ተጨራመተ፣ አንድ ጎማ ፈነዳ፣ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ተቀደደ። ሁለቱም በእግራቸው ወረዱ። የሹፌሩ ሚስት በዚያው ጠዋት ከጸሎት ቡድኗ ጋር ሆና ስለ መንገዱ እየጸለየች ነበር።

ብዙ ምስክርነት እዚህ ላይ ያበቃል፦ ፍሬን በጠሰ፣ ጌታ አዳነ፣ እልል በሉ። እኛም እልል ብለናል። ግን ጌታ ያዳነበትን መንገድ ብሎን በብሎን መናገር ክብሩን አይቀንስም። በዘዳግም 22፥8 እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዘዋል። ጸልዮ መከታ መሥራት እምነት ማጉደል ከሆነ፣ ይህ ትእዛዝ ባልተጻፈ ነበር።

ንፋስ ሙሉ ሆኖ ፍሬን እንዴት ይጠፋል? ጌጁ የሚናገረው ንፋሱ ስለሚጠራቀምበት ታንከር ብቻ ነው፤ ሸራው (እየታሸ የሚያቆመው የፍሬን ልባስ) ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ይንካ አይንካ አያውቅም። ፔዳል ሲረገጥ ንፋሱ በየጎማው ወዳለው ቻምበር ይገባል፣ ከቻምበሩ የሚወጣው ዘንግ የማስተካከያውን ክንድ (ፍሬኑ ሲላላ የሚጠብቅበትን) ይገፋል፣ ክንዱ ካሙን (ሸራውን የሚከፍተውን ዘንግ) ያዞራል፣ ካሙም ሸራዎቹን ከፍቶ ታምቡሩ ላይ ያጣብቃል። ታምቡር ሲግል ደግሞ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ከሸራው ይሸሻል። ስለዚህ ዘንጉ ታምቡሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከሚሄደው የበለጠ መሄድ አለበት። ፍሬኑ ቀድሞውኑ የላላ ከሆነ ዘንጉ ሙሉ ርዝመቱን ጨርሶ ይቆማል፣ ሸራው ግን ገና አልደረሰም።

መኪናው ተፈትቶ ሲታይ የተገኘውም ይኸው ነው። የተሳቢው የኋለኛ አክስል ፍሬኖች ከልክ በላይ ላልተው ነበር። የእነሱን ድርሻ ሌሎቹ ጎማዎች ተሸክመው ሸራቸው እስኪያብለጨልጭ ተቃጥሏል፣ ታምቡራቸውም ሰማያዊ መትቷል። ክፋቱ ይህ ጉድለት ሜዳ ላይ አይታወቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ስትነዱት መኪናው ጥሩ ይቆማል። የሚታወቀው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው፣ ኖራና ሜትር ይበቃል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ንፋሱ ከ6 እስከ 7 ባር ላይ ሲሆን ሞተሩን አጥፉ፤ ረዳት ፔዳሉን ሙሉ ይርገጥ። ምልክቱ ከቻምበሩ ምን ያህል እንደራቀ ለኩ። በብዛት በሚታየው ባለ 30 ቁጥር መደበኛ ቻምበር ከ50 ሚሊ ሜትር ካለፈ ያ ጎማ ቁልቁለት ላይ አይታመንም። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይለካ፣ ተሳቢውም ጭምር፤ ተሳቢ ሁልጊዜ የእንጀራ ልጅ ነው። ማስተካከያው አውቶማቲክ ሆኖ ከልክ ካለፈ በቁልፍ አጥብቆ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይም የካሙ ቡሽ አልቋል፣ ወይም ሲገጠም ተሳስቷል፤ በነጋታው ተመልሶ ይላላል።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ የታንከሮቹን ውኃ አፍስሱ። ከዚያ ንፋሱን ሞልታችሁ ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን ረግጣችሁ 1 ደቂቃ ጌጁን ተመልከቱ። ለብቻው ባለ መኪና ከ0.2 ባር፣ ከነተሳቢው ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። የንፋስ ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ከጮኸ ወዲያው ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ንፋሱ እየቀነሰ ሲሄድ የስፕሪንግ ፍሬኑ (ንፋስ ሲያጣ በስፕሪንግ ኃይል የሚይዘው) ሳታስቡት ራሱ ይይዛል።

አሁን ወደ 3ኛው ማርሽ እንመለስ፤ እኛ የጸሎቱን መልስ ያየነው እዚያ ነው። ሹፌሩ ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ፣ ጸልዮ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው ከባድ ማርሽ ያስገባው። ያንን ጭነት ይዞ ያንኑ ዳገት በሚወጣበት ማርሽ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ብሎ መውረድ የቆየ ሕግ ነው። መኪናው ከበረረ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ማለት ግን ሞት ነው። የሞተሩና የጎማው ዙር ስለማይገናኝ ማርሹ ይወጣል፣ አዲሱ አይገባም፣ መኪናው በፎሌ (ያለ ማርሽ) ይቀራል። ይህ ሹፌር ፍሬኑን ሲያጣ ሞተሩ ገና ይዞት ስለነበር ፍጥነቱ ቀስ እያለ ነው የጨመረው፤ ቦዩን የሚመርጥበት ጊዜ ያገኘውም ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብለው በፎሌ የሚወርዱ አሁንም አሉ። በማርሽ ሲወረድ፣ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ከተነሳ፣ ሞተሩ ነዳጅ አይረጭም፤ ቆጠብን የሚሉት ምን እንደሆነ አይገባንም።

የሰውዬው ስህተት ሌላ ቦታ ነው፦ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ ረግጦ ሳይለቅ ወርዷል። ለስላሳ አነዳድ ይመስላል፣ ግን ሸራው ከታምቡሩ ሳይላቀቅ ኪሎ ሜትር ሙሉ ይታሻል፣ የላላውም ጎማ ምንም ሳያግዝ ሌሎቹ ይግላሉ። መሆን ያለበት እንዲህ ነው። የምትወርዱበትን ጣሪያ ወስኑ፣ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንበል። ፍጥነቱ እዚያ ሲደርስ 3 ሰከንድ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ፣ ወደ 17 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ተመልሶ 25 እስኪደርስ ፍሬኑ ይተንፍስ። የፍሬን ሽታ ከሸተተ ወይም ፔዳሉ ከቅድሙ የበለጠ መረገጥ ከፈለገ ከታች ወዳለው የዓባይ ድልድይ ልድረስ አትበሉ፤ ሰፋ ያለ ጥግ ስታገኙ ቁሙ።

ስትቆሙም በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን ብቻ ታምናችሁ አትውረዱ፤ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠብ መያዙ ይለወጣል። ውኃም አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን በታኮ ያዙ። ታኮ ከሌለ ትልቅ ድንጋይም ይሆናል፣ ግን ስትነሱ ረዳቱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አውጥቶ መጣሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ሂዱ። በዓባይ፣ በጣርማ በር፣ በሊማሊሞ ሌሊት የሚመጣው መኪና በመብራቱ የሚያየው ድንጋይ ላይ ሊወጣ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነው።