ቦቲ ጫማዬና የቼናይ ሐምሌ

አጎቴን ለሕክምና ይዤ ቼናይ የገባሁት ሐምሌ ላይ ነው። «የሕንድ ክረምት አይጣል ነው» ያላለኝ ሰው ስላልነበረ ጃንጥላ ሸክፌ፣ ሻንጣ እንዳይከብድ ደግሞ ቦቲዬን ተጫምቼው ነበር። የተቀበለኝ ግን ጠራራ ፀሐይ ነው። የባጃጁ ሾፌር እግሬን አይቶ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ለአጭር መንገድ 400 ሩፒ ተቀበለኝ። 100 እንደማይሞላ የሰማሁት ማታ ነው።

ሌሊቱን መብራት ሄደ። ማራገቢያው ሲቆም ትንኙ ተነሳ። አጎቴ ያንኮራፋሉ፤ እኔ አጨበጭባለሁ።

ጠዋት የማረፊያው ባለቤት «ዝናብ ከፈለግህ በኦክቶበር ና» አለችኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ምዕራባዊ ጋትስ ተራሮች ላይ ይራገፋል። ቼናይ ከተራሮቹ ጀርባ ስላለች ፍርፋሪው ነው የሚደርሳት። ዋናው ዝናቧ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በኩል ይመጣል። ለአዲስ አበባ ልጅ ሐምሌና ጭቃ አንድ ናቸው፤ አልዋጥልህ አለኝ። ድሮ ጎዴ የሠሩት አጎቴ ግን ከተኙበት «ጎዴስ ሐምሌ መች ይዘንባል? ጥቅምት ነው እንጂ» አሉ። ዝም አልኩ።

የምርመራው ውጤት እስኪደርስ አንድ ሌላ ሀበሻ አስታማሚ «እኔ አለሁ፣ ሂድ» አለኝና በማታ ባቡር ከተራሮቹ ማዶ፣ በምዕራብ ጠረፍ ወዳለችው ኮቺ ተነሳሁ። ጃንጥላውንም ቦቲውንም በንዴት አልጋ ስር ትቻቸው።

ሲነጋጋ ፓላካድ ደረስን፤ ተራሮቹ በር የከፈቱበት ቦታ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ድንገት ተነስተው የመስኮቱን የብረት መዝጊያ ጎትተው አወረዱት። በዚህ ሙቀት ምን ነካቸው ብዬ ተነጫነጭኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዝናቡ ብረቱን እንደ ጠጠር ይደበድበው ጀመር። ሻይ ገዙልኝ። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው ማውሲንራም በዓመት ወደ 12 ሺህ ሚሊ ሜትር ዝናብ ስታገኝ፣ የበረሃዋ ጃይሳልመር 200 ገደማ ነው የሚደርሳት አሉኝ። አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ናት። በዚችው ነው እንግዲህ የምናማርረው!

ኮቺ ሦስት ቀን ዘነበብኝ። ብርድ የሌለው ዝናብ ግራ ያጋባል። ሰማዩ የጋቢና የቆሎ ነው፤ ላብ ግን ይንቆረቆራል። ፎጣዬ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተኝ፣ ካልሲ አልደርቅ አለ። ጃንጥላ በ350 ሩፒ ገዛሁ።

ስመለስ ባለቤቲቱ እርጥብ ልብሴን ተቀብላ ጣሪያው ላይ አሰጣችው። ቡናችንን ሳንጨርስ ደረቀ። ቦቲው እንደተውኩት አልጋ ስር ነው፤ ሶሉ ላይ የነበረው የአዲስ አበባ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ረግፏል።