አበባ ሆኖ

ዛሬ ከሰዓት ድሬ እንደ ልማዷ ነደደች። ማራገቢያው ሞቃት አየር ከማገላበጥ ሌላ የፈየደው የለም። ሆድ ብሶኝ ጋደም ብዬ ሳለ አክስቴ ከሐረር ደወለችልኝ።

"ልጄ፣ አበባሽ ፈነዳ!"

ያ ነጩ ኦርኪድ ነው። እኔ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ኖረ። ፋላኖፕሲስ ከሚባለው የኦርኪድ ወገን የተዳቀለ ነው፤ እንዲህ ያለው ድቅል የአበባ ዘንግ ለማውጣት ለሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይፈልጋል። ድሬ ያንን ከየት ታመጣለታለች? ደንገጎን አሻግሬ ሐረር ሰደድኩት፤ እነሆ አበበ።

ደስታዬን ሳልጨርስ አክስቴ ቀጠለች። "ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። አበባ ሆኖ ምነው?"

ቡናዋ ላይ ጤና አዳም ካልነከረች የማይሆንላት ሴት ናት። መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

ሰው ያዳቀለው የመጀመሪያው ኦርኪድ ያበበው በ1856 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ነው። ዛሬ የተመዘገቡት ድቅሎች ከ100,000 በላይ ናቸው። አሳዳጊው በየዘመኑ ሌላ ነገር አማረው። በ1940 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዶሪስ የተባለችው የፋላኖፕሲስ ድቅል ስትመዘገብ፣ የሚፈለገው ትልቅና ክብ አበባ ነበር። የዛሬዎቹ ትልልቅ ነጮች ብዙዎቹ የእሷ ዘር አለባቸው። ኋላ ከታይዋን የመጣው ጎልደን ፒኦከር የተባለው ድቅል ጠቃጠቆው እየተዋሃደ ደማቅ ነጠብጣብ ሆነ፤ ሁሉም እሱን ፈለገ። አሁን ደግሞ መስኮት ላይ የሚበቃ ትንሽዬ፣ አበባው የበዛ ተክል ይወደዳል። በዚህ ሁሉ መሀል መዓዛ ተረሳ። ዱር ውስጥ መዓዛው ሥራ አለው። በአገራችን ዛፍ ላይ የሚበቅለው ኤራንጊስ የተባለው ነጭ ኦርኪድ በሌሊት የሚያውደው የእሳት ራት ሊጠራ ነው። ገበያ ላይ ግን የሚመርጠው ዓይን ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ነው የምለው።

አዳቃዮች ግን ወደ መዓዛው እየተመለሱ ነው። ቤሊና የምትባል የቦርኒዮ ደሴት ቆላ የፋላኖፕሲስ ዝርያ አለች፤ መዓዛዋን ለልጆቿ ታወርሳለች። ሙቀት ትወዳለች፣ ለማበብ ብርድ አትጠብቅም። ለድሬ የተፈጠረች ነው የምትመስለው። ብቻ አበባዋ አንድ ሁለት እያለ ነው የሚወጣው።

አንዷን ባገኝ ለአክስቴ ነበር የማሳያት። ግን ወደ ሐረር ልውሰድላት ወይስ እሷ ወደዚህ ሙቀት ትውረድ?