ጨው ያለው ነገር ስጧት

ጌታ ይባረክ! አሁንም ስናገረው ድምፄ ይቆራረጣል።

ልጃችን ሳይወለድ ካረፈ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። ባለቤቴ ግን ከፊኒክስ ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ግራንድ ካንየን የሚባለውን የአሜሪካ ጥልቅ ሸለቆ ካልወረድኩ አለች። ለወራት ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ከረምን።

ያዘጋጀችን ነርስ የሆነች እህታችን ናት፤ ዘመኗ ይባረክ። «ተራራ ላይ አቀበቱ መጀመሪያ ነው፤ እዚህ የሚመጣው ከደከማችሁ በኋላ ነው» ትላለች። ስለዚህ ሸለቆው ግርጌ ወዳለው ኮሎራዶ ወንዝ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስ የለም፤ ፓርኩም አታድርጉት ይላል። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በፀሐይ መሄድም የለም። በወረድንበት በሳውዝ ካይባብ መንገድ ውሃ ስለማይገኝ ሁሉን ተሸከምን። «ውሃ ብቻ አትጠጡ፣ ብሉ» ብላ ለየሰዉ ጨው ያለው ቆሎ አደለች።

ባለቤቴን ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቷን ዘጋው። ቆሎውን ሳትነካ ውሃ ስትጠጣ ዋለች። ማታ ወንዙ አጠገብ ድንኳን እንደተከልን ራሷን ያዘች፤ አስመለሳት። ጣቷ አብጦ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰመጠ። ከዚያ በወንድሟ ስም ጠራችኝ። አንዱ ልጅ ውሃ ይዞ ሲሮጥ ነርሷ ጮኸች፦ «ውሃ እንዳትሰጧት! ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኗል። ጨው ያለው ነገር ስጧት!»

የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሯ፣ ሬዲዮዋን ይዛ መጣች። ከባሰባት ሄሊኮፕተር እጠራለሁ አለች። የሾርባ ዱቄት በጥቂት ውሃ አወፍረን በማንኪያ አቀመስናት። እኔ ወደ ጅረቱ ሄድኩና «ልጄን ወስደሃል። እሷን ብትነካ ግን መቼም አላናግርህም!» አልኩት። ይቅር ይበለኝ፤ እንዲያ ነው ያልኩት።

ሳላስበው ኤልያስ መጣብኝ። በምድረ በዳ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል መልአኩ አልተቆጣውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ጨው አስይዛ የላከችን እህት ከመልአክ በምን ታንሳለች? አለቀስኩ። ተመልሼ ማንኪያውን ተቀበልኩ። ሾርባ፣ ጸሎት፣ ሾርባ፣ ጸሎት። ሌሊቱ አልነጋ አለ።

ሊነጋጋ ሲል «ሽንቴ መጣ» አለች። ነርሷ እልል አለች! የጠጣችው ውሃ መውጣት ጀመረ ማለት ነው። ትንሽ ቆይታ በስሜ ጠራችኝ፤ «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

ሬንጀሯ ስላዘዘችን ያን ቀን አረፍን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በብራይት ኤንጅል መንገድ ተነሣን። በየማረፊያው ቆሎ እየቆረጠመች፣ «ፀሐይ በቀን አያቃጥልህም» የሚለውን እየደጋገመች በገዛ እግሯ ወጣች።

ያችን ሬንጀር ስሟን እንኳ ሳንጠይቃት ቀረን። ጌታ ያውቃታል፤ እሱ ይክፈላት።