የኩራሳዎ ማኅተም

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ የፓስፖርት ጽሑፍ ነው። ጊዜው የ1940 ክረምት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)፣ ቦታው ካውናስ፣ ሊቱዌኒያ። ናዚዎች ፖላንድን ሲይዙ የሸሹ አይሁድ ቤተሰቦች እዚያ ተጠልለው ሳለ የሶቪየት ጦር ገባ፤ ቆንስላዎቹም ሊዘጉ ሆነ።

የቀረው መንገድ በሳይቤሪያ አቋርጦ በጃፓን በኩል ነበር። ወረቀቱ ግን የሚያዘው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው። ጃፓን ማለፊያ ቪዛ የምትሰጠው ቀጥሎ የሚገባበት አገር ላለው ነው፤ ሶቪየቶች ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ሲጠየቁ የጃፓኑን ማየት ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያዋን ክር ያቀበለው ያን ዝዋርተንዳይክ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያው የፊሊፕስ ወኪልና የሆላንድ ተጠባባቂ ቆንስል። በካሪቢያን አካባቢ ወዳሉት የሆላንድ ግዛቶች፣ ወደ ሱሪናምና ኩራሳዎ፣ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም ብሎ በየፓስፖርቱ አሰፈረ። ደንቡ የአገረ ገዥው ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ቀጣይ ነበረው፤ እሱን ተወው። ያቺ የተተወች ሐረግ ምን ያህል ነፍስ እንደተሸከመች ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የጃፓኑ ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራ በዚያ ላይ ማለፊያውን ጻፈ። ቪዛ የጻፈላቸው ሰዎች ዝርዝር 2,139 ስም ይዟል። ልጆች በወላጅ ወረቀት ስለሚያልፉ ያንን እንደ ሰው ቁጥር ማንበብ ያሳስታል።

ከዚያ በኋላም ስንት ነገር ይሰናከላል! መውጫ ለመጠየቅ ስምን ለጸጥታ ሰዎች መስጠት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ለግዞት ሊዳርግ ይችላል። የባቡር ትኬቱ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላር መያዝ ግን በሶቪየት ሕግ ወንጀል። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ በመርከብ የጃፓን ወደብ ቱሩጋ ደርሰው፣ የመጨረሻ አገር ቪዛ የላችሁም ተብለው ወደ ቭላዲቮስቶክ የተመለሱም አሉ።

ስደተኞቹ የቆዩባት የጃፓን ከተማ ኮቤ ማረፊያ ብቻ ነበረች። በ1941 መጸው ሌላ ቪዛ ያላገኙትን ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ጃፓን ወደ ሻንጋይ አሻገረቻቸው። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943 ሻንጋይን የያዘው የጃፓን ጦር ባወጣው አዋጅ ከ1937 ወዲህ ወደ ከተማዋ የገቡ «አገር አልባ ስደተኞች» እስከ ሜይ 18 ድረስ ሆንግኪዩ በተባለው የከተማዋ ክፍል ውስጥ ወደተከለለ ሰፈር እንዲገቡ ታዘዙ። ከክልሉ ወጥቶ ለመሥራት የሚፈልግ አባወራ እንደገና ለፈቃድ ወረቀት ተሰለፈ፤ ወረቀቱ ላይ የመመለሻው ሰዓት ተጽፎበታል።