ውሃ በስንት ቀን ይመጣል?

ሰበታ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት ክፍል፣ ንጹሕ ግቢ፣ የጓሮ ጎመን ሳይቀር። ኪራዩ 6 ሺህ ብር ነበር። ሥራዬ ግን አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ፣ አየር ጤና ላይ ተሰልፌ፣ ቢሮ የምደርሰው 2 ሰዓት ላይ ነው። የማታው ሰልፍ ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን፣ ለታክሲ፣ ሲመሽና ሲዘንብ ደግሞ ለራይድ በወር የማወጣውን ደመርኩት። ከኪራዩ ብዙም አይተናነስም። በቃ፣ መሀል ከተማ እገባለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ፈለግኩ። ፎቶው ሁሉ ያምራል። ሲደወል ግን «እሱ አሁን ተያዘ፣ ሌላ አለ» ነው መልሱ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ከልደታ ሜክሲኮ በእግር ይኬዳል።

የመጀመሪያው ደላላ «እህቴ፣ ይሄ ቤት እስከ ማታ አይቆይም» አለኝ። እውነትም አልቆየም፤ እኔው ሞኟ 3 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩበት። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ባለቤቱ ነኝ ብሎ ነበር። ለካ እሱም ተከራይ ነው፤ ያውም ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር የቀረው። ይህን የነገሩኝ ኮሪደሩ ላይ በርበሬ ያሰጡ የነበሩ እናት ናቸው። ሦስት ሳምንት ተመላልሼ 2 ሺሁን አስመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ በፊት ሰው ነው የማየው። ጥበቃውን አናግራለሁ። ታች ቲማቲም ከምትሸጠው ልጅ ቲማቲም እገዛለሁ። ደላላ የሚደብቀውን እነሱ ሳይጠየቁም ያወራሉ። ጥያቄዬም ተለወጠ። ዋጋ መጨረሻ ሆነ፤ መጀመሪያ «ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? እስከ ስንተኛ ፎቅስ ይወጣል?» አራተኛ ፎቅ ላይ ያየሁት ስቱዲዮ ልቤን ወስዶት ነበር። ግን መታጠቢያ ቤቱ በጄሪካን ተሞልቶ በሩ እንኳ አልከፈት አለ። ትቼው ወረድኩ። ቀጥሎ «ካርታው፣ የባለቤትነት ማረጋገጫው፣ በማን ስም ነው?» እላለሁ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናውን አያለሁ፤ ማከራየትና ኪራይ መቀበል የሚል ካልተጻፈበት አልቀመጥም።

እኔም እጠየቃለሁ። «ብቻሽን ነሽ? እንግዳ ይበዛብሻል?» አንዷ አከራይ እጮኛዬ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሚስም ሳይቀር ጠይቀውኛል። እጮኛ የለኝም።

በመጨረሻ የተገኘው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮ ነው፤ 15 ሺህ ብር። የባለቤቱ እህት ናቸው በውክልና የሚያከራዩት። «የስድስት ወር ቅድሚያ» አሉ። 90 ሺህ ብር ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደረሰልኝ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር የሚሉት። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይሁንም ይላል። ስልኬ ላይ አውጥቼ አሳየኋቸው።

ደላላው «እህቴ፣ በአዋጅ ቤት አይገኝም» ብሎ ሳቀ። አልተሳሳተም። ከዚያ በፊት ገና በስልክ አዋጁን ያነሳሁባቸው ሦስት አከራዮች ሁለተኛ ስልኬን አላነሱም። ስለዚህ አዋጁን መጀመሪያ ላይ አላነሳውም፤ ቤቱን አይቼ፣ ሰዎቹ ለምደውኝ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ነው የማነሳው። የባለቤቱ እህት ጋ እንደዚያ ነው የሆነው፤ በሁለት ወር ተስማሙ።

ሌላ ጣጣ ግን መጣ። ውሉ ላይ 8 ሺህ ይጻፍ፣ ቀሪው 7 ሺህ በእጅ ይሁን አሉ። ግብሩን ፈርተው ነው፣ ይገባኛል። ግን በእጅ የሰጠሁትን ነገ «አልተቀበልኩም» ቢሉኝ ምን ይዤ ልከራከር? አልፈርምም አልኩ። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እሺ ልጄ፣ እንግዲያውስ ቀለሙን አንቺ ቀቢ» አሉኝ። ሁለት ቅዳሜ ቀባሁ። ወረዳ ሄደን ውሉን አስመዘገብን።

ሳልጠይቅ ያመለጠኝ የመብራቱ ነገር ነው። በገባሁ በሳምንቱ የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው የሦስት ወር ቢል መጣ። ከኪራዩ ተቀነሰልኝ፤ ቆጣሪውን ቁልፍ በተቀበልኩ ቀን ፎቶ ባላነሳው ኖሮ ግን የቱ የእሱ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ ማን ይለየው ነበር?

አሁን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ቁጭ ብዬ ቁርሴን እበላለሁ። ጎመኑ ይናፍቀኛል። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው የሚመጣው። ቧንቧው መጀመሪያ ያንኮራፋል። ከዚያ ጎረቤቴ ግድግዳውን በመዳፏ ትመታለች፤ «መጣች! ተነሺ!» ባልዲዬን ይዤ እሮጣለሁ።