«አመሌ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ግልፍተኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የሚያውቁኝም «ተዉት፣ አመሉ ነው» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የዶርም ጓደኛዬ ቁምሳጥኑን ሲከፍት በሩ ሲጥ አለ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ግን ከአልጋዬ ብድግ ብዬ ጮኽኩበት። ሸሚዙን እንደያዘ ቆሞ ዝም ብሎ ያየኝ ነገር አሁንም ከዐይኔ አልጠፋም።

ያን ሌሊት የተኛሁት ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። የሳምንቱ ሌሎች ሌሊቶችም ከዚያ ብዙ አይሻሉም ነበር። ፈተና አልቆ ቤት ገብቼ ሁለት ሳምንት ጠግቤ ስተኛ ያ ግልፍተኛ ልጅ የት እንደገባ ጠፋ። እናቴ «ምነው ረጋ አልክ?» አለችኝ።

ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አንድ ጥናት ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ወጣቶች ደስ የማይል ምስል ሲያዩ፣ ፍርሃትና ንዴት የሚቀሰቀስበት አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ተኝተው ካደሩት በ60 ከመቶ ገደማ በልጦ ተቆጥቷል። «ተው፣ ረጋ በል» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቶ ነበር።

ግን ሁሉን በእንቅልፍ ማሳበብም ልክ አይደለም። ጠባይ የሚባል ነገር አለ፤ እሱም በተራው እንቅልፍ ይነሳል። በተፈጥሮው ተጨናቂ የሆነ ተማሪ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው ቀን የተባለውን ሁሉ የሚያመነዥከው፣ መምህሩ ለምን እንደዛ አየኝ፣ ያን ጥያቄ ለምን ሳትኩት እያለ ሌሊቱ ይጋመሳል፣ ጠዋት ደክሞት ይነሳና ትንሹ ነገር ሁሉ ተራራ ይሆንበታል፣ ማታ ደግሞ የሚያመነዥከው ነገር ጨምሮ ይጠብቀዋል። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ «ዝም ብለህ ተኛ» ማለት ጭካኔ ነው።

«ሰነፍ» የሚባሉትም ያሳዝኑኛል። የሰውነት ሰዓት በጣም ወደ ሌሊት የሚገፋው 20 ዓመት አካባቢ ነው፤ ልክ ዩኒቨርሲቲ በምንሆንበት ዕድሜ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክላስ ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ልተኛ ቢልም እንቅልፉ እሺ አይለውም። ከዚያ ስንፍናው የተፈጥሮው ነው ተብሎ ይወራበታል፤ እሱም ያምናል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ለ14 ቀን በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ትኩረታቸው አንድ ሌሊት ጭራሽ ሳይተኙ እንዳደሩ ሰዎች ወርዶ ተገኘ። እነሱ ግን ያን ያህል እንቅልፍ እንደጎደላቸው አልታወቃቸውም። እንግዲህ ወር ሙሉ፣ ሴሚስተር ሙሉ እንደዚያ የኖረ ሰው የራሱን ጠባይ በምን ያውቀዋል?

አሁን ደሜ ሲፈላ መጀመሪያ ያለፉትን ሦስት ሌሊቶች እቆጥራለሁ። ሁሌ አይሳካልኝም፣ ግን ብዙ ጊዜ አፌን ይይዝልኛል።

የዶርም ጓደኛዬን ይቅርታ የጠየቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ረስቶታል ብዬ ነበር። ለካ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚለብሰውን ልብስ ማታውኑ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ያስቀምጥ ነበር፣ ጠዋት ቁምሳጥኑን እንዳይከፍት።